አሥራ አራተኛዋ ዲስክ

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዮሚፍ የሚባለው ወጣት ተቆጣጣሪ ቀዩን ሳጥን ገለበጠና ውስጡ ያሉትን የተቆረጡ ብረቶች፣ በሽቦ እንደታሰሩ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ደርድሮ ቆጠረ። ቆጥሮ መዝገቡን አየ። መዝገቡን አይቶ እንደገና ቆጠረ። ወይዘሮ ጽገረዳ ከጎኑ ቆማ በሆዷ አብራው ትቆጥር ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አሥራ ሦስት ላይ አለቀባት።

«በመዝገቡ አሥራ አራት ነው» አለ ዮሚፍ።

«አሥራ አራት ነው።»

«እዚህ ያለው አሥራ ሦስት ነው።»

«እሱንም አይቻለሁ» አለች ጽገረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ አራት ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉት፤ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ይረጫሉ፣ መኪና የማይገባበት አገር ሐኪም ያደርሳሉ። አውሮፕላኖቹ የሚያድሩት ቦሌ ነው። መለዋወጫቸው ግን የሚያድረው ካዛንቺስ፣ ግራና ቀኙ ፈርሶ እሱ ብቻ በቀረ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው። በዚህ ቤት ከሁሉ የሚከብደው ሕግ፣ ዕድሜውን የጨረሰ ዕቃ ሳይቆረጥ ከበር እንዳይወጣ የሚለው ነው። ሳይቆረጥ የወጣ ዕቃ አይሞትማ። አንዱ ያገኘዋል፣ አንዱ ያጥበዋል፣ ሌላው ቀለም ቀብቶ ሳጥንና ወረቀት ያበጅለታል፤ ከዚያ አንድ ቀን አዲስ መስሎ ሰው የተሳፈረበት አውሮፕላን ላይ ይገጠማል። ስለዚህ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ቀዩ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በዓመት አንዴ ከመንግሥት የሚመጣው ተቆጣጣሪ ቁራጩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። በመዝገቡ እያንዳንዱ መስመር ላይ የቆረጠው ሰው ፊርማና ሲቆረጥ ያየው ሰው ማህተም አለ።

ያየው ሰው የምትባለው ጽገረዳ ናት። ማህተሟ የካፖርት ቁልፍ ታክላለች፣ ቁጥሯ ሰባት ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማተቧ ጎን በክር ታስራ አንገቷ ላይ ውላለች። ድርጅቱ ስትገባ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበረች፤ የብረትን ነገር ቁጭ ብሎ ያስተማራት ሰው የለም። ከመጽሐፍም ከሰውም እየለቀመች፣ ፈተናውንም እየወደቀች እየተነሳች፣ እዚህ ደረሰች። አንድ የራሷ ልማድ አላት፦ መለኪያው ከለካ በኋላ ዕቃውን በቤቷ ቁልፍ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ትሰጠዋለች። ዮሚፍ ጠዋት ይህን ሲያይ፣ «ይህ ማኑዋሉ ውስጥ የለም» አላት።

«የለም» አለችው። «ይቺ ለራሴ ናት።»

ዮሚፍ ክፉ ልጅ አይደለም። ጥንቁቅ ነው እንጂ። ውሃውን በራሱ ኮዳ ይዞ መጥቷል፤ ምሳ ቢሉት እምቢ፣ ሻይ ቢሉት እምቢ፣ ዝናብ ሲያስገመግም ጃንጥላ ቢሰጡት እንኳ እምቢ ብሏል፤ ከሚቆጣጠረው ድርጅት ምንም አይቀበልም። ገና ያልተከፈተ የጎማ ሳጥን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦም፣ «ይህ ማን እንደላከው ነው የሚናገረው፤ ምን እንደሆነ አይናገርም» ብሎ ወደ ጎን አስቀምጦባታል። ጽገረዳ ልቧ ውስጥ ወዳዋለች፤ እሷም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበረች።

አሁን ጣቱን መዝገቡ ላይ አሳረፈ። «አሥራ አራተኛው፣ የፍሬን ዲስክ። የቁጥሯ መጨረሻ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ከተፈቀደው በላይ ሳስታ የተወገደች። ‹ተቆርጧል› ይላል። ፊርማው የአቶ ገበያው ነው። ማህተሙ የእርስዎ ነው።»

ቀኑን ስታየው ፊቷ ጋለ። ከአራት ወር በፊት፣ ጋሽ ገበያው ከሠላሳ አንድ ዓመት የስቶር ኃላፊነት በኋላ ጡረታ የወጣበት ቀን። ግቢው ውስጥ ሽኝት ነበር፤ ኬክ ተቆርጧል፣ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ይዘፍናሉ። ጋሽ ገበያው ጢሙ ላይ ክሬም እንዳለ መዝገቡን ይዞ መጣና፣ «ጽጌ፣ የመጨረሻዬን መስመር ዝጊልኝና ነፃ ልውጣ» አላት። አሥራ ሦስቱን ጊዜ «ቁራጩን አሳየኝ» ብላዋለች። በአሥራ አራተኛው ግን ይሉኝታ ያዛት። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለን ሰው፣ በስንብቱ ቀን፣ ጢሙ ላይ ክሬም ይዞ፣ እስቲ አሳየኝ ይባላል? ማህተሟን አነሳችና አተመች።

«ሪፖርቴ የሚላከው በታብሌት ነው» አለ ዮሚፍ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል። እስከዚያ ዲስኳ ተቆርጣ በዓይኔ ካየሁ፣ አየሁ ብዬ እጽፋለሁ። ካላየሁ ግን፣ ያልተቆረጠ ዕቃ ላይ ያተመ ሰው ማህተሙን ይመልሳል። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«አውቀዋለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ለጋሽ ገበያው ደወለች።

«ጽጌ፣ አለሽ ወይ እባክሽ። ቡልጋሪያ ማዞሪያ ነኝ፣ እነ ጉርሜሳ ጋራዥ፣ ዳማ ላይ። እያሸነፍኩ ነው።»

«ጋሽ ገበያው፣ ያቺ አሥራ አራተኛዋ ዲስክ…»

ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ።

«ኔትዎርክ ነው» አለ ዮሚፍ በየዋህነት።

ኔትዎርክ አለመሆኑን ጽገረዳ አላጣችውም። መዝገቡን በቦርሳዋ ከተተች፣ «አንተ ታውቃለህ» አለች ወደ ላይ ቀና ብላ፣ ወጣች። ዮሚፍም በዓይኑ ማየት ስላለበት ተከተላት። የድርጅቱ መኪና በር ላይ ቆማለች፤ አልገባም አለ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ከፍለው፣ በመሐል ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስትደርስ ጽገረዳ በመስኮት አማትባ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ቡልጋሪያ ወረዱ።

ጋራዡ ውስጥ የዳማው ሰሌዳ በቆርኪዎቹ እንደተሞላ ነው፤ ባንዱ በኩል ጉርሜሳ ተቀምጧል፣ በሌላው በኩል ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ጉርሜሳ ዓይኑን በድንጋይ ተደግፋ ወደቆመች አሮጌ ላዳ መለሰ። ከላዳዋ ሥር ሁለት ጫማዎች ወጥተዋል።

«ጋሽ ገበያው፣ ጫማህ ይታያል» አለች ጽገረዳ።

ጫማዎቹ ትንሽ ገባ አሉ።

«አሁንም ይታያል።»

«ጽጌ» አለ ድምፁ ከመኪናው ሥር። «ብቻሽን ነሽ?»

«ተቆጣጣሪው አብሮኝ ነው።»

«እንግዲያ እዚሁ ብሆን ይሻላል።»

ዮሚፍ ተንበረከከ፤ ሱሪው ግሪስ እንዳይነካው መሀረቡን መጀመሪያ አነጠፈ። «አቶ ገበያው፣ ዲስኳን ቆርጠዋታል ወይስ አልቆረጧትም?»

«ልጄ፣ ሞርሳ ላይ አሰርኳት። በሴጌቶ መጋዝ ነካ ሳደርጋት ዘፈነች። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ቆርጫለሁ፤ የሚጮህ ብረት አውቃለሁ፣ የሚያለቅስ ብረት አውቃለሁ። የሚዘፍን አጋጥሞኝ አያውቅም። እጄ እምቢ አለኝ። ጽጌ ታውቃለች፣ እሷም ሰምታታለች።»

እውነቱን ነው። ያን ቀን ለክታ ስታበቃ፣ ጽገረዳ በቁልፏ ኳ አድርጋት ነበር፤ ሳስታ ሳስታ ድምፅ ብቻ ወደ መሆን የደረሰች ዲስክ ናት። ድምፁ ግምጃ ቤቱን ዞሮ ሲመለስ ሁለቱም ዝም ብለው አዳምጠውት ነበር።

«የት ናት አሁን?» አለች።

«ኩልሱም ጋ። የቦክስ አሠልጣኝ ናት፣ ስታዲየም አካባቢ። ደወላቸው ተሰብሮ ዙር የሚያስጀምሩት በድስት ክዳን ነበር። በድስት ክዳን፣ ጽጌ። አንጀቴን በሉት።»

ዮሚፍ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

«የድስት ክዳኑንም ይጽፈዋል?» አለ ጋሽ ገበያው።

«ይጽፈዋል» አለች። «ውጣ አሁን።»

ወጣ፤ ጀርባው በዘይት ጥቁር ካርታ ሆኗል። የኩልሱም ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ይባስ ብሎ ክለቡ የነበረበት ቤት ፈርሶ ከስታዲየሙ ጀርባ የሆነ ቦታ ተዛውሯል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ጋሽ ገበያው አያውቅም። ዮሚፍ ሰዓቱን አየና፣ «መቁረጫ ይያዙ» አለ። ጉርሜሳ ሴጌቶውን ከሁለት ትርፍ ስለት ጋር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ ጥርሶቹ በጋዜጣው በኩል ብቅ ብለዋል።

ታክሲ ውስጥ ጋሽ ገበያው፣ ልማድ ነውና፣ የሦስቱንም ሒሳብ ለረዳቱ ዘረጋ።

«የእኔን አይክፈሉ» አለ ዮሚፍ።

«ተው እንጂ ልጄ።»

«አይቻልም። ረዳት፣ የእሳቸውን መልስ።»

ረዳቱ መለሰ። ጋሽ ገበያው ብሩን የዮሚፍ ኮት ኪስ ውስጥ ሰደደው። ዮሚፍ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ጋሽ ገበያው መልሶ በአንገቱ በኩል ሊሰድበት ሲሞክር፣ «እናንተ ሰዎች» አለ ረዳቱ፣ «እኔ እኮ እስካሁን ከማንም አልተቀበልኩም።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞረው፣ «የኔ ልጅ፣ አባትህ ቢከፍሉልህ ምናለበት?» አሉ።

«አባቴ አይደሉም» አለ ዮሚፍ። «በምርመራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው።»

ሰዉ ጋሽ ገበያውን አየ፤ ጀርባው ላይ ያለውን የዘይት ካርታ አየ፤ ጭኑ ላይ ከጋዜጣው ብቅ ያሉትን የመጋዝ ጥርሶች አየ። ከጎኑ የነበረው ጎልማሳ «ወራጅ አለ» ብሎ፣ ከፌርማታው በፊት፣ ዝናብ ውስጥ ወረደ። ጽገረዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ማህተሟ ሊወሰድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቀረውም ሳቁ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እናትየዋም የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ይፈቱታል» አሏት።

ስታዲየም ሲወርዱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። የቦክስ ክለብ ያሉ እንደሆነ፣ ቀበቶ ሻጩ ወደ ቀኝ ይላቸዋል፣ ማልያ ሻጩ ወደ ግራ፤ ካልሲ የሚሸጠው ደግሞ ካልሲ ካልገዛችሁ አላውቅም አለ። አንድ ዙር ዞሩ፣ ሁለተኛ ዞሩ፣ ተመልሰው ቀበቶ ሻጩ ጋ መጡ።

«ጋሽ ገበያው» አለች ጽገረዳ ቆም ብላ። «የቦክስ አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሦስት። ከዚያ አንድ ደቂቃ እረፍት።»

«እንግዲያ ዝም በሉ።»

«ወይዘሮ ጽገረዳ፣ ሰዓቱ…» አለ ዮሚፍ።

«ዝም በል ልጄ።»

ዓይኗን ጨፍና በአጥሩ ሥር ቆመች። መጀመሪያ የመጣው ሁሉም ነገር ነው፦ የጫማ ሻጩ ድምፅ ማጉያ፣ የታክሲ ጥሩምባ፣ ከላይ የሚያልፈው ባቡር። እሷ ግን አልቸኮለችም። አንድ በአንድ ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው፤ ባቡሩን አሳለፈች፣ ማጉያውን ተወችው፣ ጥሩምባውን ተወችው። ዮሚፍ በአንድ እግሩ፣ ከዚያ በሌላው ይቆማል። ያን ጊዜ ከሁሉ ሥር፣ ቀጭን ሆና፣ ንጹሕ ሆና መጣች።

«እሷ ናት» አለች። «በዚህ በኩል።»

ደግሞ ሄደው ቆሙ፤ ቀጣዩን ጠበቁ። አንዲት ደቂቃ። ጮኸች። ተራመዱ። እንደገና ሦስት ደቂቃ። በሦስተኛው ጥበቃ ዮሚፍም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ዲስኳ ስትጮህ እሱ ነው ቀድሞ ጣቱን የቀሰረው። «እዚያ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ» አለና ሮጠ። ጽገረዳ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ተከተለችው፣ ጋሽ ገበያው ሴጌቶውን ከፍ አድርጎ ይዞ ከኋላ፤ መንገደኛው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፋቸው።

ከቆርቆሮው ጀርባ ሪንግ አለ፤ ሪንጉ ውስጥ ሳላሀዲንና ሊካሳ የሚባሉ የሁለት ክለብ ልጆች ይደባደባሉ። ከሪንጉ ሥር፣ በሒጃቧ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች አጭር ሴት መዶሻ ይዛ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ፣ በሰንሰለት፣ ዲስኳ ተሰቅላለች፤ ተወልውላ ታበራለች።

«ያቺ ዲስክ በቁጥጥር ሥር ናት» አለ ዮሚፍ እያለከለከ።

«ዙር ላይ ነን፤ ተቀመጥ» አለች ኩልሱም ሳትዞር።

ተቀመጠ። ለምን እንደተቀመጠ ኋላም ሊገባው አልቻለም።

ዙሩ ሲያልቅ ዞረች። «ማን ነህ?»

«የአውሮፕላን ዕቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ይኸው መታወቂያዬ።»

ኩልሱም መታወቂያውን ከፊት ከኋላ አየችና መለሰችለት። «ይህ ማን እንደሆንክ ነው የሚናገረው። ደወሌን አውርደህ ውሰድ አይልም። ደብዳቤ ይዘሃል?»

ዮሚፍ መታወቂያውን ኪሱ ከተተ፤ የጎማው ሳጥን ትዝ አለው መሰለኝ። ጽገረዳ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች።

ከዚያ ራሷ ቀርባ ኩልሱም ጎን ተቀመጠች። ደብዳቤ እንደሌላት ተናገረች። ዲስኳ ምን እንደነበረች፣ ለምን እንደተወገደች፣ ሳታይ ማተሟን፣ ማህተሟ ሊወሰድ መሆኑንም፤ ምንም አላስቀረችም። ኩልሱም እያዳመጠች አንድ ዙር አስጀመረች፣ አስጨረሰችም።

«ጋሽ ገበያው፣ ይህን ነግረውኛል?»

«አልነገርኩሽም» አለ ጫማውን እያየ።

«እዚህ ተሰቅላ ሰው ትገድላለች?»

«እዚህ ተሰቅላማ ማንንም አትነካም» አለች ጽገረዳ። «ከዚህ የወጣች ቀን ነው።»

ኩልሱም መዶሻውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። ቁጥሯን በስልኩ አነሳና ሽጪልኝ አለኝ። እምቢ ስለው ሦስቴ ተመላለሰ። ደወል ወዶ መስሎኝ።»

ጋሽ ገበያው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ እጁን ጉልበቱ መሐል ከተተ። ዮሚፍ ይህንን ሲጽፍ አልቸኮለም።

«ትቆረጥ» አለች ኩልሱም። «ግን አንድ ዙር ይቀራል። ዙር ሳያልቅ ደወል አይወርድም። እኔም ደንብ አለኝ።»

ቀኑን ሙሉ ደንብ ሲናገር የዋለው ዮሚፍ ተመልሶ ተቀመጠ። ሳላሀዲን አሸነፈ፤ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ዲስኳ ወረደች።

«ነገ ግን በምን ልሠራ ነው?» አለች ኩልሱም። «ወደ ድስት ክዳን አልመለስም።»

ጽገረዳ ዮሚፍን አየችው። «ደንቡ ምንድነው የሚለው? ቃል በቃል።»

ታብሌቱን ከፈተ። «‹ለቀድሞ አገልግሎቱ ዳግም እንዳይውል ሆኖ ይቆረጥ፤ ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ ይቀመጥ።›»

«ቁጥሩ ያለው ባንደኛው ግማሽ ላይ ነው። እሱ ቀዩ ሳጥን ይገባል። ሌላው ግማሽ እንዳይጮህ የሚል አለ?»

ዮሚፍ «ድምፅ» ብሎ ጽፎ ማኑዋሉ ውስጥ ፈለገ። «ደወል» ብሎ ፈለገ። «የለም» አለ፤ ጠዋት ስለ ቁልፏ የተናገራትን ቃል ነው፣ አሁን ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

የሚያስራት ሞርሳ የለም። ሊካሳ በጓንቱ በዚህ በኩል፣ ሌላ ልጅ በዚያ በኩል አግዳሚው ላይ ጨብጠው ያዟት። መጀመሪያ ጋሽ ገበያው ይሞክር ተባለ፤ ነካ ሲያደርጋት ዘፈነች፣ እጁ ደግሞ እምቢ አለው። «ዘወር ይበሉ ጋሼ» አለና ሳላሀዲን ተቀበለው። ኩልሱም ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ሰዓቷን ይዛ ፊሽካዋን ነፋች። ሦስት ደቂቃ ቆረጣ፣ ፊሽካ፣ ቀጣይ ተረኛ። የሁለቱ ክለብ ልጆች እንደተደባደቡ ላባቸው ሳይደርቅ ተሰለፉ፤ ከዚህ ወገን ያለው የዚያን ወገን ሲቆርጥ «ፍጥነት የለውም፣ እግሩን ተመልከቱ» ይለዋል። በየመሐሉ ጽገረዳ በቁልፏ ኳ ታደርጋለች።

«ገና ናት።»

ፊሽካ።

«ገና።»

አንዱ ስለት ተሰበረ። ሁለተኛው ገባ። አንደኛው ጎን በአሥር ከአርባ ሁለት ለቀቀ፤ ሁለተኛው ጎን ቀረ። የዲስኳ ድምፅ እየወፈረ፣ እየደነዘዘ መጣ። ሁለተኛው ስለት ተሰብሮ ሦስተኛው ሲገባ አሥር ከአርባ ስምንት ነበር።

«ስንት ቀራት?» አለ ዮሚፍ።

ኳ አደረገች። «የጣት ያህል።»

ዮሚፍ ኮቱን አውልቆ ገመዱ ላይ ሰቀለ፣ ከረባቱን ትከሻው ላይ ወረወረ፣ ሴጌቶውን ከሊካሳ ተቀበለ። የሁለቱም ክለብ ልጆች በአንድነት ስሙን ይጠሩ ጀመር፤ ስሙን ከየት እንዳወቁት እግዜር ይወቅ። ፊሽካው ተነፋ፣ ዮሚፍ አላቆመም። ኩልሱም ደጋግማ ነፋች። «ዙር አልፏል» አለችው። «በተጨማሪ ሰዓት ነኝ» አለ። ቦክስ ተጨማሪ ሰዓት እንደሌለው የነገረው የለም።

ለአሥራ አንድ ስምንት ደቂቃ ሲቀር ጽገረዳ ኳ ልታደርጋት ቁልፏን ዘረጋች፤ ሳትነካት ሁለት ሆና ወደቀች።

መዝገቡን ሪንጉ ጠርዝ ላይ ዘረጋች። አሮጌውን መስመር በአንድ ሰረዝ ሰረዘች፤ ከሥሩ ጻፈች፦ «ያን ቀን ሳላይ አተምኩ። ዛሬ ስትቆረጥ አይቻለሁ።» ማህተሟን ከአንገቷ አውጥታ፣ ትንፋሽ ሰጥታት፣ አተመች።

ዮሚፍ አነበበው። «ዲስኳ ተገኝታለች፤ ማህተሙ አንገትዎ ላይ ይቆያል። ሳያዩ ማተምዎን ግን እንደ ግኝት እጽፈዋለሁ። ማስጠንቀቂያ ይመጣብዎታል። የሰውዬውንም ነገር ለብቻው አስተላልፋለሁ።»

«ጻፈው። ባትጽፈው ነበር የማላምንህ።»

ፎቶ አነሳ፣ ሞላ፣ ላክ የሚለውን ነካ። ታብሌቱ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ትዞር ጀመር። ዞረች። ዞረች። አሥር ከሃምሳ ሰባት።

«ኔትዎርክ ነው» አለ፤ ይሄኛው የእውነት ነበር።

ታብሌቱን ከፍ አደረገ፤ አልሄደም። አግዳሚ ላይ ቆመ፤ አልሄደም። ሪንጉ ላይ ወጥቶ ማዕዘኑ ላይ ተንጠላጠለ፤ ምልክቷ ትዞራለች። ያን ጊዜ ሳላሀዲንና ሊካሳ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ፊት ለፊት ሲደባደቡ የነበሩት፣ አንዱ አንድ እግሩን፣ ሌላው ሌላውን ይዘው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ዮሚፍ ጣሪያው ሥር በተቀደደችው ቆርቆሮ ቀዳዳ እጁን እስከ ብብቱ አሾልኮ ታብሌቱን ወደ ሰማይ ሰጠ። ጽገረዳ ዓይኗን ጨፈነች፤ የለመነችውን ለራሷ እንተወው።

«ሄደ» አለ ከላይ።

የሁለቱ ክለብ ልጆች ጮኹ፣ ዘለሉ፣ ተሸክመውት ሪንጉን ዞሩ። ሲያወርዱት ኩልሱም የፊሽካዋን ክር እያስተካከለች ቀረበችና ቀኝ እጁን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው፤ ለአሸናፊ የሚደረገውን ነው። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ቦምቦሊኖ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ይቅርታ፣ እኔ…»

«እኔ የምትቆጣጠረኝ ሰው አይደለሁም» አለች። «አፍህን ክፈት።»

ዮሚፍ አሰበበት። በደንቡ ውስጥ ፈለገ፣ አጣ። አፉን ከፈተ፤ ጠዋት ከበላው ወዲህ የመጀመሪያው ጉርሻ ነው፣ ስኳሩ አፍንጫው ድረስ ደረሰ። ጽገረዳ የክሬሙ ጢም ትዝ አላትና እንደገና በሳቅ ፈረሰች፤ ጋሽ ገበያው ተቀላቀላት፤ ሳቁ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ዮሚፍ ጋ ሲደርስ ቦምቦሊኖው ትን አለው።

ሲወጡ የቀረችው ግማሽ ሰንሰለቱ ላይ ተሰቅላለች። ኩልሱም በመዶሻው ነካቻት። ድምፁ ሌላ ነው፤ አጠር ያለ፣ ኮስተር ያለ።

«ዘፈን ቀርቶባታል» አለ ጋሽ ገበያው።

«ይሻላል» አለች ኩልሱም። «በዘፈኑ ልጆቹ ይፈዙብኝ ነበር።»

ካዛንቺስ ሲመለሱ አሥራ ሁለት ሊሆን ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ አሮጌው ቪላ መስኮት ላይ ናት። ታክሲ ውስጥ ማንም ለማንም አልከፈለም። ጋሽ ገበያው ቁጥር ያለባትን ግማሽ ከጽገረዳ ቦርሳ አወጣና ወደ ቀዩ ሳጥን አመራ።

«አንቺ ደክሞሻል ጽጌ። ልክተትልሽና ሂጂ ቤትሽ።»

ጽገረዳ ወንበሩን ሳበችና ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ክተታት» አለች። «እያየሁ ነው።»